የመንገድ ዳር ዛፍ ሲቆረጥ ነዋሪው ለምን ይቃወማል? የሸፊልድ ከተማ ውዝግብና ትምህርቱ

መንገድ ሲሰፋ፣ የእግረኛ ንጣፍ ሲታደስ ወይም የፍሳሽ መውረጃ ሲዘረጋ ቀድሞ ጥያቄ ውስጥ የሚገባው በመንገዱ ወሰን ውስጥ የቆመው ትልቅ ዛፍ ነው። ለመንገድ ሥራ ባለሙያው ዛፉ በሥራው ፊት የተደቀነ እንቅፋት ሆኖ ይታየዋል፤ በአጠገቡ ለሚኖረው ሰው ግን የበጋ ጥላ፣ የአቧራ መከላከያና የሰፈሩ መለያ ነው። መሬቱ የሕዝብ በመሆኑ ነዋሪው ዛፉን የግል ንብረቴ ነው ሊል አይችልም። ይሁንና ዛፉ በተቆረጠ ማግስት ጉዳቱ ቀድሞ የሚሰማው በደጁ ዛፉን ያጣው ያው ነዋሪ ነው።

እንዲህ ያለው አለመግባባት በብዙ ሀገራት ከተሞች ይነሣል። ከሁሉም ይልቅ በሰፊው የተመረመረውና በሰነድ የተደገፈው ግን በእንግሊዝ ሀገር በሸፊልድ ከተማ የተከሰተው ነው። በዚያች ከተማ የመንገድ ጥገና ሥራ ከነዋሪዎች ጋር ለዓመታት የዘለቀ ውዝግብ አስነሥቶ፣ ጉዳዩ ከደብዳቤ ወደ ሰልፍ፣ ከሰልፍ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከፍርድ ቤት ወደ ገለልተኛ አጣሪ ተሸጋግሯል። መንገድና ዛፍ አብረው መኖር ይችሉ እንደሆነ፣ ካልቻሉስ ውሳኔው እንዴት መሰጠት እንዳለበት ለማወቅ የዚህን ውዝግብ ሂደት መመልከት ይጠቅማል።

ውሉና በውስጡ የነበረው ቁጥር

ሸፊልድ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ፣ በብረት ኢንዱስትሪዋ ስሟ የገነነ፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ኮረብታማ ከተማ ናት። በመንገዶቿ ዳር ወደ 36 ሺህ የሚጠጉ ዛፎች ነበሯት። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በፊት የተተከሉና ሙሉ ዕድገታቸው ላይ የደረሱ ነበሩ።

የከተማዋ መንገዶች ለረጅም ጊዜ በቂ ጥገና ባለማግኘታቸው ጉድጓድ የበዛባቸው ሆነው ነበር። ነዋሪዎችም በዚህ ምሬታቸውን ሲያሰሙ ቆይተዋል። የከተማዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ በ2012 ኤሚ ከተባለ ተቋራጭ ጋር የ25 ዓመት ውል ተዋዋለ። የውሉ ዋጋ ወደ 2 ነጥብ 2 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ሲሆን፣ መንገዶችን፣ የእግረኛ ንጣፎችን፣ የመንገድ መብራቶችንና የመንገድ ዳር ዛፎችን መጠገንና መንከባከብን ያጠቃልል ነበር። ዋናው የግንባታ ሥራ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንዲጠናቀቅ ታቅዷል።

በውሉ ውስጥ ለሕዝብ ያልተገለጸ አንድ አንቀጽ ነበር። አንቀጹ በ25 ዓመት ጊዜ ውስጥ 17 ሺህ 500 ዛፎች፣ ማለትም ከከተማዋ የመንገድ ዳር ዛፎች ግማሽ ያህሉ፣ ተቆርጠው በችግኝ እንዲተኩ የሚያመለክት ነው። ይህ ቁጥር ይፋ የሆነው ውሉ ከተፈረመ ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2018፣ በመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት በቀረበ ጥያቄ ነው። እስከዚያ ድረስ ነዋሪዎች የሚያውቁት በየዛፉ ግንድ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያና ወደ ቤታቸው የሚመጣውን ደብዳቤ ብቻ ነበር።

የሁለቱ ወገኖች ክርክር

ምክር ቤቱ ዛፍ የሚቆረጥባቸውን ስድስት ምክንያቶች አስቀምጦ ነበር። እነዚህም ዛፉ የሞተ ከሆነ፣ በመሞት ላይ ከሆነ፣ ከታመመ፣ አደጋ የሚያደርስ ከሆነ፣ የእግረኛ ንጣፍን ወይም አጥርን የሚጎዳ ከሆነ፣ እንዲሁም መተላለፊያ በማጥበብ በተለይ አካል ጉዳተኞችን የሚያግድ ከሆነ የሚሉ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ አራት ምክንያቶች ላይ ብዙ ክርክር አልተነሣም። የሞተ ወይም ሊወድቅ የተቃረበ ዛፍ በመንገድ ዳር መቆም እንደሌለበት ነዋሪዎችም ተቀብለዋል። ውዝግቡ የተነሣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ምክንያቶች ላይ ነው፤ በእነዚህ መሠረት የሚቆረጡት ዛፎች በአብዛኛው ጤናማ ነበሩና።

የምክር ቤቱ መከራከሪያ መሠረት አልባ አልነበረም። ሥር ያነሣው ንጣፍ ዓይነ ስውርን ያደናቅፋል፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰውና ሕፃን በጋሪ የምትገፋ እናት ወደ አስፋልት እንዲወርዱ ያስገድዳል። በአንድ ዘመን የተተከሉ ዛፎች በአንድ ዘመን ማርጀታቸው ስለማይቀር፣ ቀስ በቀስ በወጣት ዛፎች መተካት አለባቸው የሚለውም የደን ባለሙያዎች የሚቀበሉት ሐሳብ ነው።

ነዋሪዎቹ በበኩላቸው ሦስት ጥያቄዎችን አንሥተዋል። አንደኛው፣ ንጣፉን አስተካክሎ ዛፉን ማቆየት የሚቻልባቸው የምህንድስና አማራጮች በውሉ ውስጥ እያሉ ለምን ሥራ ላይ አይውሉም የሚል ነው። ሁለተኛው የተቋራጩን ጥቅም ይመለከታል። ተቋራጩ ንጣፉን ለ25 ዓመታት የመጠገን ግዴታ ስላለበት፣ ንጣፍ የሚያነሣ ዛፍ በየጊዜው ወጪ ያስከትልበታል፤ ዛፉ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ግን ወጪው ይቀራል። ታዲያ የዛፉን ዕጣ የሚወስነው የዛፉ ጤንነት ነው ወይስ የወጪው ስሌት? ሦስተኛው ጥያቄ፣ ውሳኔው በጥናት ላይ ተመሥርቶ በየዛፉ የሚሰጥ ከሆነ ለምን ማስረጃው አይታይም የሚል ነበር።

ነዋሪዎቹን ካስቆጡት ዛፎች መካከል ሁለቱ ለአብነት ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያው በቼልሲ ጎዳና የቆመው፣ ዕድሜው ከመቶ ዓመት የሚበልጠው የኤልም ዛፍ ነው። የኤልም ዛፎች ጢንዚዛ በሚያዛምተው የፈንገስ በሽታ ምክንያት በብሪታኒያ በሚሊዮን በሚቆጠር ብዛት የጠፉ ሲሆን፣ ይህ ዛፍ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነበር። እጩ በኤልም ቅጠል ላይ ብቻ የሚመገብ የቢራቢሮ ዝርያም መኖሪያ አድርጎታል። ሁለተኛው በዌስተርን ጎዳና ያሉት ዛፎች ናቸው። እነዚህ በአካባቢው ትምህርት ቤት ተምረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ወጣቶችን ለመዘከር እ.ኤ.አ በ1919 የተተከሉ ናቸው። ለነዋሪው እነዚህ ዛፎች ሐውልት ነበሩ፤ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ግን ንጣፍ የሚያነሡ ተብለው ብቻ ሰፍረዋል።

ከደብዳቤ ወደ እስር

ቅሬታው ሲበረታ ምክር ቤቱ የማማከር ሂደት ጀመረ። ዛፍ በሚቆረጥበት ጎዳና ለሚኖር እያንዳንዱ ቤተሰብ መጠይቅ ተላከ። መልስ ከሰጡት ነዋሪዎች ቢያንስ ግማሾቹ ከተቃወሙ ጉዳዩ በገለልተኛ ባለሙያዎች ፓነል እንዲታይ ተወሰነ። ሆኖም የፓነሉ ቃል ምክር እንጂ ውሳኔ አልነበረም። ፓነሉ እንዲቆዩ ከመከረላቸው ዛፎች ብዙዎቹ እንዲቆረጡ ተወስኗል። ነዋሪው አስተያየት ሰጥቶ ለውጥ ባለማየቱ፣ የማማከሩ ሂደት አለመተማመኑን ከማርገብ ይልቅ አባባሰው።

ነዋሪዎች እ.ኤ.አ በ2016 ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወስደው ነበር። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ጊዜያዊ እግድ ቢሰጥም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር አቤቱታውን ውድቅ አድርጓል። ዛፎቹ የምክር ቤቱ ንብረት በመሆናቸውና የመንገድ ጥገና ሥልጣንም የእርሱ በመሆኑ ሕጉ ከምክር ቤቱ ጎን ቆሟል።

በዚያው ዓመት ኅዳር 17 ቀን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ሠራተኞች ከፖሊስ ጋር ወደ ረስትሊንግስ ጎዳና ደረሱ። ነዋሪዎች ከእንቅልፋቸው እየተቀሰቀሱ መኪናቸውን እንዲያነሡ ተነገራቸው። ስምንት ዛፎች በዚያ ማለዳ ተቆረጡ። ገለልተኛው ፓነል ስለ ጎዳናው የሰጠው ምክር ለሕዝብ ይፋ የሆነውም በዚያው ማለዳ ነበር። ሥራውን ለማስቆም ከሞከሩት መካከል በ70ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ ሁለት ሴቶችን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ታሰሩ። በሴቶቹ ላይ የቀረበው ክስ በኋላ ተቋርጧል፤ የዚያ ሌሊት ዜና ግን በመላው ብሪታኒያ ተሰምቶ የተቃዋሚዎቹን ቁጥር አበዛው።

ነዋሪዎቹ ከዚያ በኋላ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነበር። የዛፍ መቁረጥ ሥራ ሰው ከሥሩ እያለ በደኅንነት ሕግ መሠረት ሊካሄድ ስለማይችል፣ ከዛፉ ሥር ሄደው ይቆማሉ። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ በነሐሴ 2017 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰዎች በሥራው ዙሪያ ወደታጠረው ክልል እንዳይገቡ የእግድ ትዕዛዝ እንዲሰጥ አደረገ። ትዕዛዙን ተላልፈዋል የተባሉ ሰዎችም ፍርድ ቤትን በመድፈር ጥፋተኛ ተብለው በገደብ የተያዘ የእስራት ቅጣት ተወሰነባቸው። እ.ኤ.አ በ2018 መጀመሪያ ላይ ዛፍ ለመቁረጥ በርካታ ፖሊሶችና የግል ጥበቃ ሠራተኞች በየጎዳናው ይሰማሩ ጀመር። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ማብቂያ ላይ ሥራው ቆመ። እስከዚያ ድረስ ከ5 ሺህ በላይ ዛፎች ተቆርጠዋል።

ማጣሪያው ያገኘው ውጤት

ሥራው ከቆመ በኋላ ምክር ቤቱ፣ ተቋራጩና የነዋሪዎቹ ተወካዮች ለድርድር ተቀመጡ። ሊቆረጡ ተመድበው የነበሩ ቀሪ ዛፎችን አንድ በአንድ እየዞሩ አብረው መረመሩ። የምርመራው ውጤት ብዙ የሚናገር ነው፤ አብዛኞቹ ዛፎች ንጣፉን በማስተካከል ሊቆዩ እንደሚችሉ ታወቀ። የቼልሲ ጎዳናው ኤልምም ከመቆረጥ ተረፈ። ለዓመታት አማራጭ የለም የተባለለት ጉዳይ፣ ሁለቱ ወገኖች ከዛፉ ሥር አብረው ሲቆሙ አማራጭ ተገኘለት።

የአካባቢ መስተዳድሮችን አሠራር የሚመለከተው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እ.ኤ.አ በ2020 ባወጣው ውሳኔ፣ ምክር ቤቱ ለነዋሪዎች የሰጠው መረጃ ግልጽነት የጎደለውና አሳሳች እንደነበር አረጋገጠ። ቀጥሎም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰብአዊ ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ሰር ማርክ ሎውኮክ የመሩት ገለልተኛ ማጣሪያ ሪፖርቱን እ.ኤ.አ በመጋቢት 2023 ይፋ አድርጓል። ሪፖርቱ የዛፍ መተካት ዕቅዱ ከመነሻው ስሕተት ያለበት እንደነበር፣ ምክር ቤቱ ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤትንም ያሳሳተ መረጃ ማቅረቡን፣ በዚህም በነዋሪዎች ላይ ጉዳት መድረሱን ገልጿል። ምክር ቤቱ ለሕዝቡ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ውዝግቡ ከአንድ ከተማም አልፎ ሕግ ለማውጣት ምክንያት ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ በ2021 የወጣው የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ፣ የመንገድ አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤቶች የመንገድ ዳር ዛፍ ከመቁረጣቸው በፊት ሕዝቡን የማማከር ግዴታ ጥሎባቸዋል። ድንጋጌው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ በኅዳር 2023 መጨረሻ ነው። የሞቱ፣ አስቸኳይ አደጋ የደቀኑና ገና ግንዳቸው ያልወፈረ ዛፎች ከዚህ ግዴታ ውጪ ናቸው።

ሥር ንጣፍን የሚያነሣው ለምንድን ነው?

የውዝግቡ መነሻ የሆነውን ነገር ለመረዳት የዛፍን ሥር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ልክ እንደ ግንዱ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ይመስለዋል። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። አብዛኛው የዛፍ ሥር የሚገኘው በላይኛው የአፈር ንብርብር፣ ከአንድ ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ሲዘረጋ ደግሞ ከቅርንጫፉ ጥላ በእጅጉ ያልፋል። ምክንያቱም ሥር እንደ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር አየር ይፈልጋል፤ አየርና እርጥበት አብረው የሚገኙትም ከላይ ነው።

በከተማ ውስጥ አፈሩ በመኪናና በግንባታ ተጨፍልቆ ይጠነክራል። ሥሩ በጠጣር አፈር ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው በንጣፉና በአፈሩ መካከል ባለችው ልል ክፍተት ይሄዳል፤ እርጥበትም በዚያ ይጠራቀማልና። ሥሩ ከዓመት ዓመት ሲወፍር ንጣፉን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ የተነሣ ንጣፍ የዛፉ ጥፋት ብቻ ሳይሆን ዛፉ የተተከለበት ስፍራ የመጥበቡና የአፈሩ የመጨፍለቁ ምልክት ነው።

መፍትሔዎቹም ከዚሁ ይነሣሉ። በዛፉ ዙሪያ ያለውን ንጣፍ አንሥቶ ክፍቱን በጠጠር ወይም በአፈር መተው፣ ጠንካራውን ንጣፍ በሚተጣጠፍና ውኃ በሚያሳልፍ መተካት፣ የመንገድ ጠርዝ ድንጋዩን በቀጭን መቀየር ወይም ጥቂት ወደ መንገዱ ማስወጣት፣ ንጣፉን በተዳፋት አስተካክሎ በሥሩ ላይ ማሳለፍ ይቻላል። ቀጫጭን ሥሮችንም በባለሙያ እየመረጡ መቁረጥ አንዱ መንገድ ነው።

ወፍራም ሥርን ከግንዱ አጠገብ መቁረጥ ግን አደገኛ ነው። ዛፉ ሳይደርቅ ለጥቂት ዓመታት ለምልሞ ሊቆም ይችላል፤ ነገር ግን መልሕቁ ስለተቆረጠ ኃይለኛ ነፋስና ዝናብ በመጣ ጊዜ ይወድቃል። በእንግሊዝ በግንባታ ወቅት ዛፍን ለመጠበቅ የሚሠራበት ደረጃ፣ ከግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥ ቁፋሮ እንዳይካሄድ ይመክራል። በዚህ ስሌት ግንዱ ከዳር እስከ ዳር 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ በዙሪያው 6 ሜትር ያህል ያልተቆፈረ አፈር ያስፈልገዋል። የውኃ ቱቦ ወይም የስልክ መስመር ለመቅበር ከግንዱ ሥር የሚቆፈር ቦይ፣ ዛፉን በመጥረቢያ ሳይነኩት የሚገድል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

አንድ ችግኝ አንድ ትልቅ ዛፍን ይተካልን?

ሸፊልድ ውስጥ ለተቆረጠ ዛፍ ሁሉ ምትክ ችግኝ ይተከል ነበር። በቁጥር ሲታይ ኪሳራ ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ የዛፍ ጥቅም የሚለካው በግንድ ብዛት ሳይሆን በቅጠል ስፋት ነው። ጥላ የሚሰጠው፣ አቧራ የሚይዘው፣ ከሥር የተሳበውን ውኃ ወደ አየር በመልቀቅ አካባቢውን የሚያቀዘቅዘው፣ የክረምቱን ዝናብ ተቀብሎ የጎርፉን ጉልበት የሚያበርደው ቅጠሉ ነው። ቁመቱ ከሰው ያልበለጠ ችግኝ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ቅጠል ጋር የሚወዳደር ቅጠል ለማብቀል አሥርተ ዓመታትን ይጠይቃል።

በዚያ ላይ የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም። የመንገድ ዳር ችግኝ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት በበጋ ውኃ ማግኘት፣ ከከብትና ከፍየል መጠበቅ፣ በተሽከርካሪም እንዳይገጭ መታጠር አለበት። ችግኝ የሚተክል እንጂ የሚያጠጣ ካልተመደበ ምትኩ በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዛፍ መቆረጡ ግድ ሲሆን፣ መታየት ያለበት ስንት ችግኝ ተተከለ የሚለው ብቻ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት አለ የሚለው ነው።

ይህ ማለት ትልቅ ዛፍ ሁሉ መቆየት አለበት ማለት አይደለም። ግንዱ ከውስጥ የተቦረቦረ፣ ከሥሩ የእንጉዳይ ዓይነት ፈንገስ የበቀለበት፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ከበስተኋላው መሬቱ የተሰነጠቀ፣ ወይም ትልልቅ ቅርንጫፎቹ የደረቁ ዛፍ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ለማቆየት መከራከር ተገቢ አይሆንም። ልዩነቱን የሚያሳየው ግን በዛፉ ላይ የሚደረግ ምርመራ እንጂ ከቢሮ የሚወጣ ጠቅላላ ቁጥር አይደለም።

የኢትዮጵያ ሕግ ምን ይላል?

የመንገድ ሥራና የከተማ ማስዋብ በተስፋፋበት በዚህ ወቅት ጥያቄው ለኢትዮጵያ ከተሞችና ለገጠር መንገዶችም የቀረበ ነው። በባሕር ዳር ጎዳናዎች የተደረደሩት ዘንባባዎች፣ በየከተማው አደባባይ የቆሙት ዋርካና ሾላዎች፣ በገጠር መንገድ ግራና ቀኝ አርሶ አደሩ የተከላቸው ባሕር ዛፎችና ግራቪሊያዎች መንገድ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ዕጣቸው ይወሰናል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ ላፈራው ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል እንዳለበት ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። ዝርዝሩን የሚወስነው ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የመሬት ይዞታ የሚለቀቅበትንና ካሳ የሚከፈልበትን ሁኔታ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው።

ከዚህ የሚከተለው ልዩነት ለነዋሪውም ለአርሶ አደሩም ወሳኝ ነው። ዛፉ የቆመው በሕጋዊ ይዞታ ውስጥ ከሆነና መሬቱ ለመንገድ ከተወሰደ፣ ዛፉ በካሳ ግምት ውስጥ የሚገባ ንብረት ነው። ዛፉ የቆመው ከአጥር ውጪ፣ በመንገዱ ወሰን ውስጥ ከሆነ ግን፣ ነዋሪው ራሱ የተከለውና ያጠጣው ቢሆን እንኳ የካሳ ጥያቄው የይዞታ መሠረት ያጣል። ካሳ የሚከተለው የይዞታ መብትን ነውና።

ካሳ የለም ማለት ግን ድምፅ የለም ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝቡ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ሲታቀዱና ሲፈጸሙ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል። እንግዲህ በአጥሩ ውጪ ያለው ዛፍ የእርሱ ባይሆንም፣ ነዋሪው ስለ ዛፉ የመጠየቅና የመሰማት መብቱን አያጣም።

መቼና ምን መጠየቅ ይገባል?

የሸፊልድ ነዋሪዎች ትልቁ ጉዳት ወሬውን የሰሙት ውሉ ከተፈረመ በኋላ መሆኑ ነው። ውል ከተፈረመ፣ ዋጋ ከተቆረጠና የሥራ መርሐ ግብር ከወጣ በኋላ አንድን ዛፍ ማትረፍ ዲዛይን መቀየርን፣ ዲዛይን መቀየር ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብን ይጠይቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጥያቄው መነሣት ያለበት ቅየሳ ሲጀመርና ችካል ሲተከል ነው። በዚያ ደረጃ መስመርን አንድ ሜትር ማዞር የወረቀት ሥራ ነው፤ አስፋልት ከፈሰሰ በኋላ ግን የሚሆን አይደለም።

በከተማ የሚኖር ሰው ለቀበሌው ወይም ለከተማ አስተዳደሩ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ከመንገዱ ፕላን ላይ የዛፎቹ ቦታ ተመልክቷል? ይህ ዛፍ እንዲቆረጥ የተወሰነው በጤንነቱ ምክንያት ነው ወይስ መስመሩ ስለሚያልፍበት? ዛፉን የመረመረው ባለሙያ ማን ነው፤ ያገኘውስ ምንድን ነው? ንጣፉን ወይም ቦዩን በማዞር ዛፉን ማቆየት ታይቷል? ካልተቻለስ ምትኩ ምን ዓይነት ዛፍ ነው፤ የሚያጠጣውስ ማን ነው? ጥያቄው በጽሑፍ፣ ከጎረቤት ጋር በጋራ ተፈርሞ ሲቀርብ መልስ የማግኘት ዕድሉ ይጨምራል።

መንገድ በማሳው የሚያልፍበት አርሶ አደር ደግሞ ሌላም ዝግጅት ያስፈልገዋል። ዛፎቹን በዓይነትና በቁጥር መመዝገብ፣ የግንዳቸውን ውፍረት በደረት ቁመት ለክቶ መጻፍ፣ ፎቶግራፍ ማንሣትና የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን አዘጋጅቶ መቆየት ይገባዋል። የካሳ ግምት ከዛፉ የዕድገት ደረጃና ከአካባቢው ወቅታዊ ዋጋ ጋር ስለሚያያዝ፣ ገማቾች በሚመጡበት ቀን በቦታው ተገኝቶ ቆጠራውን መከታተል የራሱ ኃላፊነት ነው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው በአዋጁ መሠረት በተቋቋመው አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ቅሬታውን በሕጉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ማቅረብ ይችላል። ጊዜው ካለፈ መብቱ አብሮ ሊያልፍ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ኃላፊነቱ ግን በነዋሪው ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። መንገድ የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ዛፎቹን አስቀድሞ ቆጥሮ፣ የሚቆረጠውን ከነምክንያቱ፣ የሚቆየውን ከነአጠባበቁ ለይቶ በአደባባይ ቢያሳውቅ ራሱ ይጠቀማል። ሸፊልድ ውስጥ በምሥጢር የተያዘው ቁጥር በመጨረሻ ከምሥጢርነት አልዳነም፤ ምክር ቤቱ ግን በመካከሉ ገንዘብ፣ ጊዜና የሕዝብ አመኔታ አጥቷል። የሕጉ ሥልጣን በእጁ ነበር፤ ፍርድ ቤትም ረትቷል። ሆኖም በፍርድ ቤት የረታውን ክርክር በሕዝቡ ፊት ማሸነፍ አልቻለም።

ዛሬ በዚያች ከተማ የመንገድ ዳር ዛፎች አያያዝ የሚመራው ምክር ቤቱ፣ ተቋራጩ፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቶችና ትናንት ከዛፍ ሥር ቆመው ሲቃወሙ የነበሩ ነዋሪዎች ተወካዮች በጋራ ባዘጋጁት ስልት ነው። ዛፍ አሁንም ይቆረጣል፤ መንገድም ይጠገናል። የተለወጠው፣ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት ምክንያቱ ለነዋሪው የሚነገር መሆኑና የነዋሪው ቃል በውሳኔው ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ነው።